ለኪዳነ ምሕረት የተሳልኳት ሰዓት

ይድረስ ለአባቴ፣ ለአባ ወልደ ገብርኤል፤
ኢየሩሳሌም።

ከሁሉ አስቀድሜ መስቀልዎን ከሩቅ እሳለማለሁ፤ ቀጥዬም እንደ ልጅነቴ ጉልበትዎን እስማለሁ። ለመሆኑ እንዴት ከርመዋል? ሳሉ ለቀቀዎ? ደረትዎን ሰንጎ የያዘው ያ ብርድ ጨርሶ ወጣልዎ ወይስ ማታ ማታ ይመለሳል? ጾሙስ እንዴት ይዞዎታል? ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ ብልዎት እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ብያለሁ። እኛ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብንም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ደብረ ማርቆስ ሰሞኑን የበልጉ ካፊያ ጀምሯታል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስከ በራችን ይመጣና የጎረቤቱን ቆርቆሮ እንኳ ይሸፍነዋል፤ ከዚያ ሦስት ሰዓት ሲሆን ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሥቶ ይሄዳል። እንዲህ ባለው ጠዋት እርስዎ ከዚያኛው ክፍል ሆነው የሚያስሉ ይመስለኛል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልዎ የወፍጮ ቤቱ የአቶ መንበሩ ባለቤት ወይዘሮ ፋንታነሽ ናቸው። ለትንሣኤ ከተሳላሚዎቹ ጋር ይመጣሉ፤ እርስዎ ስልክ ከተዉ ወዲህ የእኛ ፖስታ ቤት ተሳላሚ ሆኗል። በጥር የላኩልኝንም ደብዳቤ ከገና የተመለሱት ሰዎች አድርሰውኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በላክንልዎ ፎቶ ላይ የግራ እጄን አይተው፣ ከውጭ አገር የመጣ አንድ ምዕመን «ይህ ሰዓት ቤት ይገዛል» ብሎ እንደነገረዎ፣ ከዚያም ወዲህ እንቅልፍ እንዳጡ ጽፈዋል። «ልጄ እንዳላማው፣ ደሞዝህን አውቃለሁ፤ ይህን ከየት አመጣኸው?» ብለዋል።

አባቴ፣ ይተኙ። ጉቦ አልበላሁም፤ የመንግሥትም የገበሬም አልነካሁም። ሰዓቷ ኮፒ ናት። ስምና መልኳን የወሰደችው ከስዊስ አገር ሰዓት ነው፤ የተሠራችው ግን ሌላ አገር ነው፤ እኔም ይህን እያወቅሁ ነው የገዛኋት። መልሱ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ ነበር። አላለቀምና ትንሽ ይታገሡኝ።

መጀመሪያ ሰው እያወቀ ለምን ኮፒ እንደሚያስር ልንገርዎ። ከመናኸሪያው አጠገብ፣ ከትንሽ የመስታወት ሣጥን ኋላ ተቀምጦ ሰዓት የሚጠግን አምሳሉ የሚባል ወዳጅ አለኝ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አራት አምስት ሆነን እሱ ዘንድ እንቀመጣለን። የትኛው ሰዓት በስንት ዓመተ ምሕረት እንደወጣ፣ የትኛው ላይ ቁጥሩ እንደተቀየረ ስንከራከር ያየ ሰው ፋብሪካው የአባታችን ይመስለዋል። እጃችን ላይ ያለው ግን ሁሉም ኮፒ ነው። ከመካከላችን አንዱ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ አጎቱ ከውጭ ኦርጅናሉን ልኮለታል። እሱን ቆልፎ አስቀምጦ ኮፒውን ገዝቶ ያስራል። ለምን ብንለው፣ ኦርጅናሉን ያሰረ ቀን ለራሱ እጅ ዘበኛ ሆኖ እንደዋለ፣ ከሰው ጋር እንኳ ሳይጨባበጥ ወደ ቤቱ እንደገባ ነገረን። አምሳሉ ደግሞ የኮፒውን ጀርባ ከፍቶ ጥርሶቹን አንድ በአንድ እያወጣ ይማርበታል፤ በኦርጅናሉ ቢሆን ባልደፈረም ነበር። ትንሽ መከበርም አለበት፤ አልዋሽዎትም። ሰው ሰዓቴን አይቶ ከወንበሩ ብድግ ሲልልኝ «ኮፒ ናት» ብዬ አስቀምጬው አላውቅም።

እኔ ከሁሉ በላይ የወደድኩት መልኳን ነው። ፊቷ ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ጠርዙ ጋ ወደ ጥቁር ይሸሻል። ሰከንድ ቆጣሪዋ እንደ ባትሪ ሰዓት አትዘልም፤ ትፈሳለች። ለከብት ክትባት ወደ ይጁቤ ወይም ወደ ቁይ ስሄድ መኪናው ውስጥ ከመስኮት ሥር እቀመጥና እሷን እያየሁ ጠፍቼ እሄዳለሁ። ውጭው ጉም ነው፤ መንገድ የለም፣ ዛፍ የለም፣ ሰማያዊቷ ክብ ብቻ አለች። በረዶ በበዛበት አገር አንድ ሰው ዓይኑ ላይ መነጽር ተክሎ፣ ይህ መስመር እዚህ ይሁን፣ ይህች ነጥብ እዚያ ትሁን ብሎ ሲጨነቅ ይታየኛል። ያ ሰው የደከመበትን ውበት አንድ የከብት ሐኪም በጎጃም ጉም ውስጥ ሆኖ ያየዋል። ኦርጅናሏን ልግዛ ብል የእኔም የልጄም ዕድሜ አይበቃም፤ ማየት ግን አልተከለከልኩም። እንደ አገሩ ሰው በእኛ አቆጣጠር ሞልቻታለሁ፤ ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት ትላለች። የታመመች በቅሎ የልብ ምት የምቆጥረው በእሷ ነበር። ባሕር ጠልቀው ለሚዋኙ ሰዎች ታስባ የተሠራች ናት፤ ሦስት መቶ ሜትር ድረስ ውሃ አታስገባም ይላል ጽሑፉ። እኔ ጠለቅሁ ካልኩ ጨሞጋ ወንዝን እስከ ጉልበቴ ነው፤ ኮፒዋ ደግሞ የቧንቧ ውሃም አትችል። ተስማምተን እንኖር ነበር።

እርስዎም ትዝ ይሉኝ ነበር። ብራና ወጥረው ዳዊት ሲገለብጡ አጠገብዎ ተኝቼ የብዕሩን ጭረት እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ያ ዳዊት ከሌላ ዳዊት የተገለበጠ ነው፤ ያኛውም ከሌላ። ማንም «ይሄ ኮፒ ነው» ብሎ አልመለሰልዎትም፤ ስሞ ነው የሚወስደው። እኔም በዚህ እጽናና ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይቆረቁረኛል። እርስዎ በመጨረሻው ገጽ ላይ የጻፈውን ሰው ስም፣ የራስዎን፣ ጸልዩለት ብለው ያስገቡ ነበር። በእኔ ሰዓት ፊት ላይ ያለው ስም ግን የሠራት ሰው ስም አይደለም። ድካሙ የአንዱ ነው፣ ስሙ የሌላው። ሐሳቤ እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በኅዳር ከገዳሙ ዲያቆን ደውሎ በጠና ታመው ሆስፒታል መግባትዎን የነገረን ዕለት ባለቤቴ ወለላና እኔ ኪዳነ ምሕረት ሄደን ከቅጥሩ ሥር ቆምን። ቀኑ አሥራ ስድስት ነበር። ጃንጥላ ወይም ምንጣፍ እሳላለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። አፌን ስከፍት ግን የመጣልኝ የምወደው ነገር ነው፤ «እመቤቴ፣ አባቴን ብታተርፊልኝ በየካቲት ክብረ በዓልሽ ይህችን እጄ ላይ ያለችውን ሰዓት እሰጥሻለሁ» አልኩ። ወለላ አጠገቤ ሆና አሜን አለች። የገና በዓል ሳይደርስ እርስዎ ከአልጋ ተነሡ።

እርስዎ ሲሻልዎ እኔ ሰዓቷን ማየት አበዛሁ። ያፍራል ልጅዎ፣ ግን እውነቱ ይህ ነው። በዓሉ ሊደርስ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው አምሳሉ ዘንድ ሄጄ ጭንቀቴን ነገርኩት። እሱም ከሣጥኑ ሥር መልኳ ቁርጥ የእሷ የሆነ፣ በባትሪ የምትሠራ ርካሽ ኮፒ አወጣና «ይህችን ስጥ፤ ማን ይለያል? ኦርጅናሏን ደብቃት» አለኝ። ኦርጅናሏን ሲል ሁለታችንም ሳቅን። ወዲያው ሳቃችን ቆመ። አራት ዓመት ሙሉ ኮፒም ያው ነው እያልኩ ስከራከር የኖርኩ ሰው፣ ለእመቤቴ የኮፒ ኮፒ ይዤላት ልሄድ ነው። ቢሆንም ተቀበልኩት። ሐሙስ ከሥራ መልስ የእኔን፣ ደህናዋን፣ በጨርቅ ጠቅልዬ በመድኃኒት ሣጥኔ ውስጥ ከመርፌዎቹ ሥር አኖርኳት።

ቅዳሜ የካቲት አሥራ ስድስት ታቦቷ ከገባች በኋላ መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ ለስለት የገባውን ሁሉ እንደ ልማዱ ለጨረታ ማቅረብ ጀመሩ። ጃንጥላው፣ መጋረጃው፣ አንድ ሙክት በግ ካለፈ በኋላ ሰዓቷን ከፍ አድርገው ያዙና «ዶክተር እንዳላማው ለአባታቸው ጤና የተሳሉት፣ ከሚወዱት ነገር ያመጡት!» አሉ። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አንድ የጉንደ ወይን እህል ነጋዴ ዋጋ ጠራ፤ ሌላው ጨመረ፤ ነጋዴው ደገመ። ከዚያ ከሴቶቹ በኩል የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። ወለላ ነበረች። በጥር የእቁብ ዕጣ ደርሷት የልብስ ስፌት መኪና ልትገዛበት ነበር። ነጋዴው ከፍ ባደረገ ቁጥር ከፍ እያደረገች፣ እሱ ስቆ እስኪተውላት ድረስ አልተመለሰችም። ከዚያ በሕዝቡ መካከል መጥታ ሰዓቷን እጄ ላይ አሰረችልኝ። «ስለቱን ሰጥተሃል፤ አሁን ይህች የእኔ ስጦታ ናት፤ እሰራት» አለችኝ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔም እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ያኔ ብናገር ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ አልተናገርኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያችኛዋ እጄ ላይ ናት። ሰከንዷ ትዘላለች። በመኪናው መስኮት ሥር ተቀምጬ ባያትም የትም አትወስደኝም። ደህናዋ በእጅ እንቅስቃሴ የምትሠራ፣ ካልታሰረች የምትቆም ናትና በሣጥኑ ውስጥ ቆማለች። ለወለላ ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ በሽተኛ ላም አውርቼ ዘጋሁት። የስፌት መኪናዋ ቦታ መስኮቱ ሥር ባዶውን ነው፤ እሷ ግን አንድ ቀን አላነሣችብኝም። ይኸው ነው የሚያሳፍረኝ፤ ስሙ ውሸት የሆነ ሰዓት ማሰሬ ሳይሆን፣ የሚያምነኝን ሰው እያየሁ ዝም ማለቴ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ደህናዋን ወስጄ ለመሪጌታ እሰጣለሁ፤ ኮፒ መሆኗንም በሕዝቡ ፊት በራሴ አፍ እናገራለሁ። የሚገዛት አውቆ ይግዛት። ከዚያ በፊት ግን ወለላ ማወቅ አለባት። በአፌ አልሆነልኝም። ስለዚህ ወይዘሮ ፋንታነሽ እስኪመጡ ድረስ ይህን ደብዳቤ ሳላሽግ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወደ ሥራ እወጣለሁ። እርስዎ ይግሠጹኝ፤ ይጸልዩልኝም።

ልጃችን ሂዊ ጉልበትዎን ትስማለች። ዳዊትዎን በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀምራለች፤ ቀዩን ቀለም ስታገኝ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። እህቴ ሳራ ከይጁቤ ሆና እንደምን ሰንብተዋል ትልዎታለች፤ ወንድ ልጅ ተገላግላለች፣ ስም ያውጡልኝ ብላለች። አቶ መንበሩ ወፍጮው ያለ እርስዎ ጨዋታ ደብሮታል ይላሉ። መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ በጸሎት አስቡኝ ይላሉ። በሕመምዎ ላስታመሙዎት መነኮሳትና ለዚያ ለደወለልን ዲያቆን እጅ ነሥተናል ይበሉልን። ወለላ ሰላምታዋን ራሷ ትጻፍ።

ልጅዎ እንዳላማው
ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 28 ቀን 2011 ዓ.ም.

አባታችን፣ እኔ ወለላ ነኝ፤ መስቀልዎን እሳለማለሁ። ጠረጴዛው ላይ የተወውን አነበብኩት። ደህናዋን በበዓሉ ዋዜማ፣ ዓርብ ዕለት፣ የሂዊን ትኩሳት ልለካ ቴርሞሜትር ስፈልግ ከሣጥኑ ውስጥ አግኝቻታለሁ፤ እጁ ላይ ያለችው ሌላ መሆኗን ያኔ አወቅሁ። ቅዳሜ ከቤት ስንወጣ ይቀይራታል ብዬ ጠበቅሁ። ከቅዳሴ በኋላም ጠበቅሁ። መሪጌታ ከፍ አድርገው ሲይዟትም ጠበቅሁ። የገዛኋት እንድትመለስለት ብዬ አይደለም። ያ ነጋዴ ሳያውቅ ገንዘቡን እንዳያወጣ፣ ልጅዎም ሰውየውን በየገበያው ባየው ቁጥር አንገቱን እንዳይደፋ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ዝም ብዬዋለሁ፤ ስለ ላምም ብዙ ተምሬያለሁ። ደብዳቤው ለእርስዎ ቢሆንም ነገሩ ለእኔ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ሳነበው አለቀስኩ፤ ከዚያ ደስ አለኝ። ከፋሲካ በኋላ፣ በግንቦት አሥራ ስድስት፣ ደህናዋን አብረን እናደርሳለን። እስከዚያ ያሰርኩለትን አይፈታትም።