ዶሮዎቹ አይሸጡም

ውድ ጋሼ፣

ደህንነትህን አልጠይቅም፤ የሰው ዶሮ ሳይጠይቅ የሚሸጥ ሰው ደህና እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ተናድጃለሁ። የምጽፍልህም የእናቴ ልጅ ስለሆንክ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ግዙፍ ሰው የእንጨት ሳጥን ተሸክሞ ቆሟል።

«የምግብ ቤት ሼፍ ነኝ። ከወንድምሽ ጋር በስልክ ጨርሰናል፤ ዶሮዎቹን ልወስድ ነው።»

«ልታርዳቸው?»

«ታዲያ ላስተምራቸው ነው?»

ከፋብሪካው ከተቀነስኩ ወዲህ እንቁላላቸውን ሸጬ የምኖረው፣ የማንንም እጅ እንዳላይ ያደረጉኝ እነዚህ ዶሮዎች ናቸው፤ አንተም ይህን ታውቃለህ።

ባለፈው ጓሮ ቆመህ «መኖው አንቺንም በልቶ ይጨርስሻል» ስትለኝ ዝም ያልኩት ልክ ስለነበርክ ነው። መኖ ገዝቼ አልዘልቀውም ነበር። ስትሄድ ግን በርጩማ አውጥቼ ሳያቸው ዋልኩ። ለካ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ገንዳውን መሬት ላይ ሳስቀምጠው ገብተው ይጭሩታል፣ ግማሹ ጭቃ ውስጥ ይቀራል፣ የተረፈውን ድንቢጥ ይለቅመዋል። ዶሮ ጭራ ጭራ የምትታረድበትን ቢላ ታወጣለች ይባል የለ? ቢላው አንተ ሆነህ መጣህ።

ገንዳውን በጀርባቸው ልክ ሰቀልኩት። ፉርሽካውንም እንዳይበን በውሃ አርሼ መስጠት ጀመርኩ። መኖው በረከተልኝ። ይህንኑ ልነግርህ ስደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ» ትለኝ ነበር። ስብሰባው ከሼፉ ጋር መሆኑ አሁን ገባኝ።

ያን ቅዳሜ ሼፉን አስገብቼ እንቁላል ጠብሼ አበላሁት። ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ሲያበቃ «ካረድካቸው በኋላ ይህን ከየት ታመጣለህ?» አልኩት። አሰበ፣ አሰበና ወጥ ቤቱ በየቀኑ የጎመን ቅጠልና የካሮት አናት እንደሚጥል ነገረኝ። እሱ ያንን ሊያመጣልኝ፣ እኔ እንቁላል ቀነስ አድርጌ ልሸጥለት ተስማማን። የእንቁላሉን ቅርፊትም እንዲመልስልኝ ነገርኩት፤ ቆላ አድርጌ ፈጭቼ ከመኖው ጋር እቀላቅለዋለሁ።

«አንቺስ ውስጡን ብቻ ነው የሸጥሽልኝ!» ብሎ ሳቀ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልክ ያሳደግከኝ አንተ አይደለህ? ምነው የእኔን ተሸክመህ ልታስኬደው ቸኮልክ? በእናታችን ቤት የምኖረው በችሮታህ እንደሆነ ለዘመዱ ሁሉ ታወራለህ አሉ። ቤቱ የሁለታችን ነው፤ ዶሮዎቹ ግን የእኔ ብቻ ናቸው። እወድሃለሁ ጋሼ፣ ግን አልፈራህም። ሁለተኛ በስሜ እንዳትስማማብኝ።

ና፣ ቤትህ ነው፤ ስትመጣም ፉርሽካ ይዘህ ና። ሼፉ ትቶት የሄደውን ሳጥን ግን ልመልስ እንዳትል። ጭድ ጎዝጉዤበት ጥቁሯ ዶሮ ታቅፋበታለች። ጫጩቶቿን ሳትፈለፍል ማንም አያስነሳትም፤ አንተም ብትሆን።

ዶሮዎቿን ያልሸጠችው እህትህ