በሱቅዎ የሚያስደምጡት ድምፅ የእኔ ነው

ለተከበሩ አቶ ከድር እንድሪስ
የባሕር ማዶ ተጓዦች ጉዳይ አስፈጻሚ
ደሴ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና ያ ከባንኮኒው ላይ የማይጠፋው ቴፕዎ እንዴት ከርማችኋል? አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ጥርስዎ አይነቃነቅ፣ ጆሮዎ አይደፈን፣ ክንድዎ አይሰበር። ይህን የምመኝልዎ እንዲያው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ሦስቱም ምን እንደሚመስሉ እዚህ መጥቼ በራሴ ስላየሁት ነው። እኔ በእርስዎ መልካም አሰናጅነት የዛሬ ዓመት ወደ ሳዑዲ የተጓዝኩት የወይዘሮ ሰዓዴ ልጅ ኢስሀቅ ይመር ነኝ። በግራ እጄ መጻፍ ከጀመርኩ ብዙ ስላልቆየሁ ፊደሌ ቢወላገድብዎ በትልቅነትዎ ይለፉኝ።

ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ ያልላክሁት፣ እርስዎን የመሰለ ሰው ምስጋናውን ብቻውን አንብቦ ኪሱ ቢከተው ነውር ነው ብዬ ነው። ስለዚህ ተይዞ ወደ አገሩ የሚመለሰው የቃሉው ልጅ ጁሀር ከሱቅዎ በር ላይ እንዲለጥፈው አደራ ሰጥቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ከቤት በደረሰኝ ደብዳቤ፣ ለእናቴ የላክሁትን ካሴት ተውሰው ወስደው ለደንበኞችዎ እንደሚያስደምጡ ሰማሁ። ታናሽ ወንድሜ ሙስጠፋም ያንኑ ሰምቶ ፓስፖርቱን አስረክቦዎታል፤ ቪዛው የመጣለትም እዚህ ከፊል ከሚሉት ከእኔው አሠሪ፣ የእኔንም ፓስፖርት እስከ ዛሬ ከያዘው ሰው ዘንድ ነው አሉ። ሰውየው እረኛ ጎድሎበታል፤ የጎደለው እኔ ነኝ። ስለሆነም ሙስጠፋ አውሮፕላን ላይ ሳይወጣ የሚከተሉትን በአክብሮት ላስታውስዎ እወዳለሁ።

፩ኛ/ ስለ ዝግጅቱ አመሰግናለሁ። ለብቻ መጓዝ ሰውን ያበስላል፣ ዓለምን አይተህ ተደስተህ ትመለሳለህ ብለው መክረውኛል። ሥራው የቪላ አትክልት ማጠጣት ነው ብለው ጫማዬን አስጠርገው፣ የራስዎን ቀይ ከረባት በእጅዎ አስረውልኝ ፎቶ አስነሱኝ፤ ለማስታወሻም ያዘው ብለው ሰጡኝ። ከጂዳ ተነስተን ባይሽ የሚባለውን ከተማ አልፈን ስንጓዝ ይኸው ከረባት አንገቴ ላይ ነበረ። ከጂዛን ወዲያ ከሳር ጭነት ላይ ተቀምጬ ወደ አል-ዓሪዳ ጋራ ስወጣም አልፈታሁትም። ቪላው የፍየል በረት፣ አትክልቱም ሁለት መቶ ፍየል ሆኖ አገኘሁት። ከረባቱ ግን በኋላ ጠቅሞኛል፤ የተሰበረ ክንዴን አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩት በእሱ ነው።

፪ኛ/ ለብቻ ትጓዛለህ ያሉት ቃል አልታጠፈም። ሰባት ወር ሙሉ ያየሁት ሰው ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ከፊሉ፣ ሁለተኛው በሳምንት አንዴ ውኃ በቦቴ የሚያመጣልኝ ጁሀር። ከፊሉን በመጀመሪያው ቀን እጄን ዘርግቼ ሰላም ብለው በጥፊ ግራ ጆሮዬን አለኝ። በማግስቱ አንድ ግልገል አነከሰ ብሎ በጎማ ቱቦ ጀርባዬን ተልትሎ ቁስሉ ላይ የፍየሎቹን ጨው በተነበት። ጆሮዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያፏጫል። እርስዎ ራዲዮ መያዝ አያስፈልግህም ያሉኝ ለካ ይህን አስበው ኖሯል።

፫ኛ/ አሁን ስለ ክንዴ ላጫውትዎ። አንድ ቀን አንዲት ፍየል ሆዷ ተነፍቶ ወደቀችብኝ፤ ነፍሷ ልትወጣ ነው። መቼም የእኛን አገር እረኛ ወግ ያውቁታል፤ በክት ሆና ከምትጣል ቢስሚላህ ብሎ አርዶ ሥጋውን ለባለቤቱ ማስረከብ ነው። እኔም አርጄ፣ ገፍፌ፣ ዝንብ እንዳይነካው በራሴ ፎጣ ሸፍኜ ግራሩ ላይ ሰቀልኩት። ከፊሉ ዛሬስ ያመሰግነኛል ብዬ መንገድ መንገዱን አይ ነበር። እሱ እስኪመጣም ጁሀር ባዋሰኝ ቴፕ ለእናቴ ካሴት ስቀዳ ቆየሁ።

መጣና ሥጋውን አየ። ልበላው ሰርቄ ያረድኩ መሰለው። ከመኪናው የክሪኩን ብረት አወረደና በዝግታ በአረብኛ፣ «ቢላዋ የያዝክበት እጅ የትኛው ነው?» አለኝ። እኔ ሞኙ እጄን ሊጨብጠኝ መስሎኝ ቀኜን ዘረጋሁለት። ክንዴ ከሁለት ቦታ ተሰበረ። ጮኼ ስወድቅ አፌን በጫማው ረገጠው፤ አራት ጥርሶቼን እዚያው አሸዋ ላይ ትቻቸዋለሁ። ከዚያ እየረገጠ እየረገጠ ደከመው መሰለኝ፣ ቁጭ ብሎ ውኃ ጠጣና ተነስቶ ደግሞ ጀመረኝ። ሥጋውን ለበረቱ ውሾች ጥሎ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ጁሀር ውኃ ይዞ ሲመጣ አንዱ ውሻ ፊቴን ይልሰኝ ነበር። በቦቴው ጭኖ የወሎ ልጆች ወደሚሠሩበት እርሻ አደረሰኝ። የእርሻውን ስም አልነግርዎም፤ ከከፊሉ ጋር ያለዎት ወዳጅነት ያስፈራኛል።

፬ኛ/ እዚህ ላይ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ፤ የእኔም አለበት። ካሴት የሚልክ ሁሉ እንደሚያደርገው እኔም ለእናቴ ዋሽቻለሁ። እዚህ ያለን የወሎ ልጆች በሙሉ ማቃሰታችንን ለቤታችን ቀድተን ልከን አናውቅም፤ የታሰረውም የተደበደበውም «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ነው የሚለው። እኔም ቤቴ ሰፊ ነው ያልኩት ጣራ ስለሌለው ነው። ከፊሌ እንደ አባት ይቆጣጠረኛል ስል በአዲስ የቱቦ ቁስል ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆብኝ ነበር። በዚህ ውሸት እናቴ እንቅልፍ ታግኝበት ብዬ እንጂ እርስዎ የሰው ልጅ ይንዱበት ብዬ አልነበረም። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል፤ በግራ እጄም ቢሆን አንገትዎን ባገኘው እላለሁ። ይቅርታ፣ ከአክብሮቱ ወጣሁ። አላህ ይይልዎ ብዬ ልተወው።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ይህ ወረቀት በተለጠፈ በመጀመሪያው ጁምዓ የሙስጠፋን ፓስፖርት ለእናቴ በእጇ ያስረክቡልኝ። ሙስጠፋም እንደ እኔ እረኛ ነው፤ እንደ እኔ በክት ይጸየፋል፤ የምትሞት ፍየል ሲያይ አርዶ ምስጋና ይጠብቃል። ያ ሰው ደግሞ የክሪኩን ብረት አልጣለውም።

ስላሳዩኝ ዓለም፣ ስላሰሩልኝ ከረባትና ስለ ቀሩኝ ጥርሶች ሁሉ እያመሰገንኩ፣ ወንድ ልጅዎ ለአቅመ ጉዞ ሲደርስ የእኔን በረት ለእርሱ እንዲይዙለት በትሕትና እያሳሰብኩ፣ ግራ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እሰናበትዎታለሁ።

የቀድሞ ደንበኛዎ
ኢስሀቅ ይመር
ከጂዛን ወገን፣ ነሐሴ ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
— ለወንድሜ ለሙስጠፋ ይመር
— ለእናቴ ለወይዘሮ ሰዓዴ (ጎረቤት ሲያነብላት እጇን ይያዝልኝ)
— በር ላይ ቆሞ ተራ ለሚጠብቅ ሁሉ

የተረሳ ነገር፦ ካሴቱን «በሉ ደህና ሁኑ» ስል እንደሚያጠፉት ሰምቻለሁ። እናቴም እዚያው ላይ እንባዋ ስለሚመጣ አልፋ አታውቅም። ፍየሏን ባረድኩበት ቀን የከፊሉን መኪና ሰምቼ በደስታ ስሮጥ ቴፑን ሳላጠፋው ነበር የሄድኩት፤ ጁሀር ሲያገኘው ካሴቱ እስከ ጫፉ ተቀድቶ ነበር። እንደገና እንዳልቀዳ አገጬ አብጦ አያናግረኝም ነበር፤ እናቴን ደግሞ ያለ ድምፄ ማስከረም አልሆነልኝም። ከስንብቱ እንዳታልፍ ዱዓ አድርጌ ላክሁት። አሁን ዱዓዬን ለውጫለሁ። ሙስጠፋ ሱቅዎ ሲመጣ ያስቀምጡትና ቴፑን አያጥፉበት። መጀመሪያ የመኪና በር ሲዘጋ፣ ቀጥሎ እኔ እየሳቅሁ «አህለን» ብዬ ስቀበለው ይሰማል። ከዚያ ሰውየው እጄን ይጠይቀኛል። ሙስጠፋ ቁርአን ቤት ስለቆየ ጥያቄውን ይረዳዋል፤ መልሱን ለመስማት ደግሞ አረብኛ ማወቅ አያስፈልገውም።