ኑሪን በአንተ ቦታ ሳስጽፍ

ጀማሌ፣ የልጄ አባት፣ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። መጀመሪያ የምትጠይቀኝን አውቀዋለሁና፣ ጎረቤታችን ሐጂ ከድር ደህና ናቸው። የዓይናቸው ሞራ ተገፎላቸው አሁን ከደጃቸው ሆነው መንገደኛውን ይለያሉ። ትንሿ ልጃቸውም ዲንሾ ከተማ ተድራ መንታ ወልዳለች፤ አንዱን በአንተ ስም ጠሩት። ስሙን ሲጠሩት መስማት አቅቶኝ ተነስቼ ወጣሁ።

ከተለየኸን ወዲህ ሲናና ላይ ስንዴው ሁለቴ ታጨደ። ሚኒባስህ ይህን ሁሉ ጊዜ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ልጃችን ኑሪ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ቆየ፤ ዛሬ ነገ እያልኩ የያዝኩት እኔ ነኝ። አሁን ሊብሬው ወደ ስሜ ዞረ፣ ኢንሹራንሱ ግን ጊዜው አልፎ ነበርና እሱን ፍለጋ ወጣሁ።

እኔ እኮ ኢንሹራንስ መስታወት ላይ የምትለጠፈዋ ወረቀት ብቻ ትመስለኝ ነበር። ሮቤ የገባሁበት ቢሮ ሦስተኛ ወገን ይበቃዎታል አለኝ። ምንድነው ስለው፣ መኪናዋ የጎዳችውን ሰው ይክሳል፣ የራሷን ጉዳት ግን አይመለከትም አለ። ሌላኛው ሙሉ ሽፋን አለን አለ፤ እሱም ቢሆን ጉዳት በደረሰ ቁጥር መጀመሪያ ከራሳችን የምንከፍለው ድርሻ አለው፤ የሾፌሩም ሽፋን ለብቻ ካልተጨመረ የለም።

ቁጭ ብላ ውሉን ያነበበችልኝ ጎባ ባለው የኢንሹራንስ ቢሮ የምትሠራ ልጅ ናት። አደጋ ሲደርስ ድርጅቱ ሳያውቅ ጥፋተኛ ነኝ ማለት፣ እከፍላለሁ ብሎ ቃል መግባት አይቻልም ይላል። አንተ ትዝ አልከኝ። በጉም ውስጥ የገሰራውን ሰውዬ በሬ በመኪና የገጨህበት ቀን፣ ሳይመሽ ሽማግሌ አስከትለህ፣ የይቅርታ እርጥብ ሣር ይዘህ ደጁ ላይ ቆመህ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልክ። ይህን ነገርኳት። ሄዶ ማጽናናት አልተከለከለም እናቴ፣ ስለ ካሳ ከመነጋገርዎ በፊት ግን ለእኛ ይደውሉ አለችኝ።

ከዚያ ሾፌሩ ላይ ደረስን። ኑሪ አንድ ነገር ቢሆንስ ብዬ ጠየቅኳት። ለሞት ይህን ያህል፣ ለአካል ጉዳት ይህን ያህል እያለች አስረዳችኝ፤ ደህና አድርጋ ነው ያስረዳችኝ። እኔ ግን የጠየቅኳት ስለ ብር አልነበረም።

አሮጌው ውል ላይ ሾፌር ተብሎ የተጻፈው ያንተ ስም ነው። በቦታው የልጄን ስትጽፍ ሻርፔን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ልጅቷም ብዕሯን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ሙሉውን ገባሁ፤ የሾፌሩንም አስጨመርኩ፣ ፈረምኩ። ፍርሃቴ ግን አብሮኝ ተመለሰ።

አንተን አልረሳህም፣ ጀማሌ። እስክንገናኝ ድረስ ከሶላቴ በኋላ ስምህን ሳልጠራ አልነሳም።

ዛሬ ኑሪ መኪናዋን ሲያጥብ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴዎቹ መጡ፣ እነዚያ አንተ ጎባ ገበያ ታመላልሳቸው የነበሩት። መቼ ትጀምራላችሁ አሉ። ከመካከላቸው ረጅሟ ዘይነባ በሩን እየዳበሰች፣ «ከጀማል ጋር ስሄድ እስከ ጎባ እተኛ ነበር፤ ከእሱ ወዲህ በሰው መኪና ዓይኔን ከድኜ አላውቅም» አለች። ኑሪ ጨርቁን እንደያዘ አቀረቀረ። እሷም ትከሻውን ነካ አድርጋ፣ ነገ ከኋላህ እቀመጣለሁ ልጄ፣ አለችው።