ያለ ጥፋታቸው የታሰሩት የአውቶሞቢል ራዲዮ ባለሙያ፣ የአቶ አካለ ወልድ ሣህለ ማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ አካለ ወልድ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሣህለ ማርያም ውበቴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ጓዴ በኅዳር ወር 1919 ዓ.ም. በቢቸና ተወለዱ። ከአባታቸው እግር ሥር ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ ቤት ገቡ። መምህራቸው ትልቅ ተስፋ ጥለውባቸው ነበር። በ1936 ዓ.ም. ግን ደጀን ላይ የቆመ የጭነት መኪና ሲፈታና ሲገጠም ቀኑን ሙሉ ሲመለከቱ ውለው፣ በዚያው መኪና ተሳፍረው አዲስ አበባ ገቡ።

በአንድ አርመናዊ ጋራዥ መኪና ከማጠብ ተነሥተው የኤሌክትሪክ ሥራ ተማሩ። በዚያን ጊዜ መኳንንቱ የሚያስመጧቸው ብዙዎቹ አውቶሞቢሎች ራዲዮ አልነበራቸውም፤ ራዲዮው ለብቻው በሣጥን ይመጣ ነበር። እሳቸው ከመሪው አጠገብ ያለውን ብረት ቆርጠው ያስገቡታል፤ አንቴናውን ይተክላሉ፤ ሽቦውን ከባትሪው ያገናኛሉ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ሞተር ሲነሣ ራዲዮው ውስጥ የሚገባው ጩኸት ነበር። አቶ አካለ ወልድ ጩኸቱ ከየትኛው ሽቦ እንደሚመጣ በጆሯቸው ለይተው ያጠፉት ነበር። በዚያ ራዲዮ ከተደሰቱት ጌቶች መካከል የገጠመላቸውን ሰው ስም የጠየቀ አንድም አልነበረም።

እናታቸው ሲታመሙ በ1947 ዓ.ም. ወደ ቢቸና ተመልሰው የራዲዮ መጠገኛ ከፈቱ። በ1948 ዓ.ም. ከወይዘሮ አገሬ ያየህ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ማናለሽን፣ ኃይለ ሚካኤልንና ሸዋነሽን ወለዱ።

በሚያዝያ 1960 ዓ.ም. አንድ ትልቅ ባለሥልጣን አዲስ አውቶሞቢላቸውን ይዘው ራዲዮ ያስገጥሙ ዘንድ ቢቸና መጡ። አቶ አካለ ወልድ ሁለት ቀን ደክመው ገጠሙ። ሲያስረክቡም በሾፌሩ በአቶ ፋንታ ፊት፣ «ጌታዬ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ራዲዮው ብዙ ከተሰማ ባትሪው ያልቃል፤ መኪናውም አይነሣም» ብለው አስጠነቀቁ።

ባለሥልጣኑ ሞጣ ሄደው ግብዣ ተቀመጡ። ሕዝቡ ይስማ ብለው የአውቶሞቢሉን በሮች አስከፍተው ራዲዮውን አራት ሰዓት አናገሩት። ሊነሡ ሲሉ መኪናው እምቢ አለ። የሞጣ ሰው ተሰብስቦ እየገፋ አስነሣላቸው፤ እየገፋም ሳቀ። ያ ሳቅ ነው አቶ አካለ ወልድን ያሳሰረው። ዘመኑ ገበሬው በግብር ምክንያት የሸፈተበት ስለነበረ፣ «ከሽፍቶች ጋር ተመሳጥሮ መንገድ ላይ ሊያስቀረኝ ነው» ብለው ባለሥልጣኑ ከሰሷቸው።

ሾፌሩ አቶ ፋንታ ለምስክርነት ሲጠሩ፣ «የተባለውን አላስታውስም» አሉ። አቶ አካለ ወልድ ግን አንድ ነገር ለመኑ። «መኪናው ይምጣ፤ ራዲዮው ይከፈት፤ የሚሆነውን ችሎቱ በዓይኑ ይይ» አሉ። መኪናው መጣ። በፍርድ ቤቱ ግቢ ራዲዮው ከጠዋት ጀምሮ ዘፈኑንም ዜናውንም ሲያሰማ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ቁልፉን ቢያዞር መኪናው ጸጥ አለ። ዘመድ ወዳጅ እልል ሊል ሲል ዳኛው፣ «እንግዲህ መኪና ማበላሸት እንደሚችልበት ሁላችንም አየን» ብለው ወደ እስር ቤት መለሷቸው።

መዝገቡ ለተጨማሪ ማጣሪያ እየተባለ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ተቀጠረ። ወይዘሮ አገሬ ስንቅ እያመላለሱ፣ አቤቱታ እያጻፉ፣ በየደጁ ሲቆሙ ከረሙ። በ1962 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አቶ አካለ ወልድ ያለ አንዳች የፍርድ ቃል «ውጣ» ተባሉ። ሲታሰሩ የተወሰደው የሥራ ዕቃቸው አልተመለሰም። እስር ቤት የገባባቸው ሳልም አብሯቸው ወጣ።

አቶ ፋንታ ቤታቸው መጥተው እግራቸው ላይ ወደቁ። አቶ አካለ ወልድ አንሥተው፣ «አንተም የሰው እንጀራ በላተኛ ነህ፤ ምን ታደርግ» ብለው ይቅር አሉ፤ ራትም አብረው በሉ። እሳቸው ይቅር ብለዋል። ቤተሰባቸው ግን አንድ ንጹሕ ሰው በችሎት እውነቱን አስመስክሮ እንደ ወንጀለኛ መታሰሩን በሬሳቸው ፊት ሳይናገር አይቀብራቸውም።

ሕመማቸው ጸንቶ፣ በሕክምናና በጠበል ሲረዱ ቆይተው፣ የካቲት 15 ቀን 1965 ዓ.ም. በአርባ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን ትተዋል።

አስከሬናቸው በመገነዝ ላይ ሳለ አንድ ፖሊስ መጥሪያ ይዞ መጣ። መዝገቡ ተንቀሳቅሷልና አቶ አካለ ወልድ መጋቢት 20 ቀን እንዲቀርቡ፣ ባይቀርቡ ግን ተይዘው እንዲቀርቡ ያዛል። ወይዘሮ አገሬ ከለቅሶው ተነሥተው ፈረሙ። «በቀጠሮው እኔ እቆማለሁ፤ ይህ የሕይወት ታሪኩም ለችሎቱ ይነበባል» ብለው ፖሊሱን ሸኙት።

የሰው ፊት አይቶ የማይፈርድ አምላክ የአቶ አካለ ወልድን ነፍስ ከደጋግ አባቶች ማረፊያ ያግባልን፤ ለቤተሰባቸውም እስከ ቀጠሮው፣ ከቀጠሮውም በኋላ ጽናቱን ይስጥልን። አሜን።