ሐውልታችንን ለጠበቁት ለእትዬ ቀስበሉ

የመንደራችን የጦርነት መታሰቢያ ሐውልት ጠባቂ ኮሚቴ፣ መሥራቹና ሰብሳቢው የነበሩት ጡረተኛዋ አዋላጅ ነርስ እትዬ ቀስበሉ ባደረባቸው ሕመም በቤታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለነዋሪውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ የሚያሳውቀው ልቡ ተሰብሮ ነው። እንዲህ ያለ መግለጫ በገለልተኛ ቃል ቢጻፍ ይመረጣል ይባላል። ከኮሚቴው አባላት ግማሾቻችን ወደዚህ ዓለም ስንመጣ በእጃቸው የተቀበሉን እሳቸው ስለሆኑ ገለልተኛ ነን ብለን አንዋሽም።

እትዬ ቀስበሉ እስከ ጡረታቸው ድረስ በመንደሩ ጤና ጣቢያ አገልግለዋል። ቅጽል ስሙም የወጣላቸው እዚያው ማዋለጃ ክፍል ነው፤ ምጥ የያዛትንም፣ በር ላይ የሚንቆራጠጠውን ባልም የሚያረጋጉት «ቀስ በሉ» እያሉ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ስሙ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተከትሏቸው መጣ።

ሐውልቱ ከቤተ ክርስቲያናችን በር ገባ ሲሉ በስተግራ የቆመ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ የሚል ግራጫ ድንጋይ ነው። ወደ ጦርነቱ ሄደው ያልተመለሱ የመንደራችን ልጆች ስም ተቀርጾበታል። ከመጨረሻው ስም በታች የአንድ ሰው ስም ቦታ ባዶ ነው። ስለዚያ ባዶ ቦታ ሳናወራ የእትዬን አገልግሎት መዘርዘር አንችልም።

ሐውልቱ በተሠራ ጊዜ፦ ታላቅ ወንድማቸው፣ የመንደሩ ልብስ ሰፊ፣ ዘምተው የደረሱበት አልታወቀም ነበር። ድንጋይ ጠራቢው ስማቸውን ሊቀርጽ መሮውን ሲያነሳ እናታቸው «ልጄ ነገ መጥቶ በሬን ቢያንኳኳ፣ ስሙን ከሙታን ጋር አይቶ ምን ይለኛል?» ብለው ከለከሉ። ማን ደፍሮ ይከራከራቸው! ቦታው ለክፉም ለደጉም ተብሎ ክፍት ተተወ። እትዬም ያኔ ገና ወጣት ነበሩ፤ የእናታቸውን ክንድ ይዘው አጠገባቸው ቆሙ።

መንገዱ ሊሰፋ በታሰበበት ዓመት፦ መሐንዲሶች መጥተው ሐውልቱን እንደ ቁም ሳጥን ወዲያ ገፋ ማድረግ ይቻላል አሉ። እትዬ ምሳቸውን ቋጥረው የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዛሬ ሂዱ ነገ ኑ ሲሏቸው «ምጥ ስጠብቅ ያረጀሁ ሰው እናንተን መጠበቅ ያቅተኛል?» እያሉ ተመላለሱ። በመጨረሻ ሐውልቱ ጥበቃ የሚደረግለት ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ መንገዱም ጠመም ብሎ አለፈ። ደንቡ አጭር ነው፤ ከሐውልቱ ላይ ምንም አይነሳም፣ ምንም አይጨመርበትም። እናታቸው በዚያን ጊዜ አርፈው ነበር፤ ሁላችንም በደስታ ስንተቃቀፍ ባዶው ቦታ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

እንግዳው በመጡበት ወቅት፦ ጥበቃው ከጸደቀ ብዙም ሳይቆይ አንድ ምርኩዝ የያዙ ሰው እትዬን አፈላልገው መጡ። የወንድማቸው የጦር ጓድ ነበሩ። ወንድማቸው ውጊያ ላይ መውደቃቸውን፣ ወንዝ ዳር በገዛ እጃቸው እንደቀበሯቸው፣ ይህን ያህል የዘገዩትም ለእናት መርዶ መንገር ስላቃታቸው እንደሆነ ነገሯቸው። እትዬ ያን ቀን እስኪበቃቸው አለቀሱ፤ በማግስቱ ሄደው መዳፋቸውን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፉ። ስሙ እንዳይቀረጽ የሚከለክሉ እናት ከእንግዲህ አልነበሩም። የሚከለክለው እሳቸው ራሳቸው ደጅ ጠንተው ያስከበሩት ደንብ ነበር።

ኮሚቴው ለአንዲት ስም ብቻ ልዩ ፈቃድ እንጠይቅ ቢል እንቢ አሉ። «ዛሬ ለኔ ወንድም፣ ነገ ለባለጊዜ አባት፤ ሐውልቱን የማስታወቂያ ሰሌዳ ልታደርጉት ነው?» ነበር መልሳቸው። ቢሆንም አላስችል ብሎን ሳናሳውቃቸው ሄደን ጠየቅን፤ መሥሪያ ቤቱም በትሕትና ከለከለን። ይህን ከሰሙ በኋላ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ባናስታውስም፣ ሰላምታችንን በጭንቅላታቸው ብቻ ነበር የሚመልሱት። የእትዬን ኩርፊያ የቀመሰ ያውቀዋል።

በአገልግሎት ዘመናቸው ሁሉ፦ በየዓመቱ ዝናቡ ሲያበቃ ሐውልቱ የሚታጠብበትን መንገድ ያስያዙን እሳቸው ናቸው። ሳሙና የለም፣ የሽቦ ብሩሽ የለም። ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ፤ ቆሻሻው ደረቁ ድንጋይ ላይ መስመር ሠርቶ እንዳይቀር ከታች ተነስቶ ወደ ላይ። ቸኩሎ የሚፈትግ ሰው ካዩ «ቀስ በሉ እንጂ! ድስት መሰላችሁ እንዴ?» ይላሉ። ሐውልቱን ተደግፋ ፎቶ ልትነሳ የቆመችን ሙሽራ «የኔ ልጅ፣ ባልሽን ተደገፊ፤ ለዚያ አይደል ያገባሽው?» ያሏት እስከ ዛሬ ያስቀናል ሳይሆን ያስቃል። ሙሽሪትም ሙሽራውም በእጃቸው የተወለዱ ስለነበሩ የተቀየመ አልነበረም። ባዶውን ቦታ ግን ለማንም አይለቁም ነበር፤ ራሳቸው ያጥቡታል፣ ከሌላው ሁሉ አስረዝመው።

ሕመሙ ሲጠናባቸው ለእህታቸው ልጅና ለቄሱ ኑዛዜያቸውን ተናገሩ። መቃብራቸው ከሐውልቱ ፊት ለፊት፣ ጥበቃ ከሚደረግለት ክልል ወጣ ብሎ እንዲሆን፤ ድንጋዩ ከዚያው ከግራጫው ዓይነት፣ የፊደሉም አጣጣል እንደ ሐውልቱ እንዲሆን። ከላይ የወንድማቸው ስም፣ ከሥር የሳቸው። «የኔ ድንጋይ ገና ቅርስ አይደለም፤ ደስ ያለኝን አስጽፍበታለሁ» ብለው እንደሳቁ ቄሱ ነግረውናል። ስንት ዓመት ሲያውጠነጥኑት እንደኖሩ እንጃ፤ ለኛ ግን አልተነፈሱም።

የያኔው ድንጋይ ጠራቢ ልጅ ሥራውን ጀምሯል፤ የወንድማቸው ስም ተቀርጾ አልቋል። የቅርስ ጥበቃው ተቆጣጣሪ መጥተው ርቀቱን ከለኩ በኋላ ተቃውሞ እንደሌላቸው ገለጹ። ከዚያ ሜትራቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ስሙን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ግቢው ውስጥ የነበርን ሁላችን አለቀስን።

ሥርዓተ ቀብራቸው ነገ ከሰዓት በኋላ በዚያው ግቢ ይፈጸማል። ኮሚቴው ለእህታቸው ልጅና ለመላው ቤተሰባቸው፣ ለጤና ጣቢያው ባልደረቦቻቸው፣ በእጃቸው ለተወለድነውም ሁሉ ብርታቱን ይስጠን ይላል።

ከዘንድሮ ጀምሮ በእጥበቱ ቀን የሚታጠበው ሁለት ድንጋይ እንዲሆን ተወስኗል። ለስላሳ ብሩሽ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። እንዳስተማሩን ከታች ጀምረን፣ ከሳቸው ስም ወደ ወንድማቸው ስም፣ ቀስ ብለን እናጥባለን።

የመታሰቢያ ሐውልቱ ጠባቂ ኮሚቴ