በሰው አፍ የተሞከረ ግጥም

ጥቅምት 3

ዛሬ የሠራሁት ሰው ሠራሽ ጥርስ፦ ሁለት ሙሉ፣ አንድ የላይ ብቻ። ጀሶ እስከ ክርኔ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በጎን መስኮት ስትገባ የጀሶው ብናኝ አየር ላይ ተንሳፎ ይቆያል፣ አይወርድም። እኔም አብሬው... ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ እንጃ። የጥርስ ሐኪሟ በበሩ ብቅ ብላ «አለሽ?» አለችኝ። አለሁ አልኳት። አልነበርኩም።

የእማዬን ግጥም ነበር የማስበው። ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አባዬ ከቀብሯ ማግስት ጀምሮ ስለሷ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አንድ ቤት እየኖርን። ዝም አይነቅዝም ይላሉ... የእሱ ዝምታ ግን የነቀዘ ይመስለኛል። አንድ ግጥም ብቻ ልጻፍ፣ ሰምቶ «አዎ፣ እሷ ናት» የሚለው። ሌላ አልመኝም።

ጥቅምት 6

ቤተ መጻሕፍት፣ የግጥም ማኅበር። አነበብኩ። «ያምራል» አሉ። ከኔ በፊት ያነበበውንም ያምራል አሉት። ከኔ በኋላ ያነበበችውንም። ታዲያ በምን ልሻሻል?

ጥቅምት 11

አዲስ ጥርስ በሰም ላይ ተተክሎ ሲሞከር ባለቤቱ ጮክ ብሎ ያነባል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ያፏጭ እንደሆነ፣ ይላቀቅ እንደሆነ እሰማለሁ። ለዚህ ሥራ ስድስት ዓመት ያገለገለችን ስለ ድንች ተባይ የምታወራ የጋዜጣ ቁራጭ ነበረች። ዛሬ ጠፋች። አንዲት አሮጊት ወንበሩ ላይ ናቸው፣ ሰሙ አፋቸው ውስጥ ነው... ከኪሴ የእማዬን ግጥም አውጥቼ ሰጠኋቸው። ምን ነካኝ?

«ፀዳልሽ ፀንቶብኝ፣ የፀሐይ ፀዐዳ...» የሚለው ላይ ተሰናከሉ። አውጥቼ የፊት ጥርሱን በትንሹ ሞረድኩት። አነበቡ። እዛው ቦታ ተሰናከሉ። ደግሜ ሞረድኩ። ሦስተኛው ላይ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ በገዛ ጥርሴም ጊዜ እንዲህ አልናገርም ነበር» አሉኝ።

ጤነኛ ጥርስ ሁለት ጊዜ ሞረድኩ። ጥፋቱ የስንኙ ሆኖ። አዲስ ተከልኩላቸው። ሳቄም እፍረቴም አንድ ላይ መጣ።

ጥቅምት 12

አራቱንም ፀ ሰረዝኩ።

ጥቅምት 19

ጋዜጣዋ ተገኝታለች። መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። ለሚመጣው ሁሉ ግጥሙን ነው የማስነብበው። ሐኪሟ ታውቃለች፣ «ምስኪኖቹ ጥርስ ፍለጋ መጥተው» እያለች ትስቅብኛለች።

የራስን ስንኝ በሰው አፍ መስማት የራስን ልብስ ሌላ ሰው ለብሶት እንደማየት ነው። የት እንደሰፋ፣ የት እንደጠበበ ወዲያው ይታያል። ለብቻዬ ሳነበው የሚያስለቅሰኝ መስመር በሰዎቹ አፍ ምንም አይሆንም። ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። እኔ መስመር ከቆረጥኩበት ጋር አንድም አይገጥም። ከሃያ አራት መስመር አሥራ አንድ ቀረኝ። የወደቁት አላሳዘኑኝም፣ ይሄ ራሱ ገርሞኛል።

ጥቅምት 23

ምሳ ሰዓት ላይ ወንበሬ ላይ ሸለብ አደረገኝ። መደርደሪያው ላይ ያሉት የጀሶ መንጋጋዎች ግጥሙን አብረው ያነቡት ነበር፣ ቀስ ብለው፣ በአንድ ድምፅ። መጨረሻውን ሳይሉት ነቃሁ። ምን ነበር መጨረሻው?

ጥቅምት 27

ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር መጡ። ጨዋታ አዋቂ። መላጣቸውን እየዳበሱ፣ «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔን ሁለቱም አግኝቶኛል፣ ጥርሱ ሲጨመርበት ደግሞ እዪው» አሉኝ። ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። አንድም ቦታ አልተሰናከሉም። ደስ ብሎኝ ልቤ ሊወጣ...

«ማናት ይቺ ሴትዮ?» አሉ።

«እናት ናት... የሆነች እናት።»

«ጨረቃ ናት ይላል፣ መብራት ናት፣ ጥላ ናት። አፍ የላትም እንዴ? ምን ትል ነበር?»

ቀኑን ሙሉ ለሰው አፍ ስሠራ እየዋልኩ የገዛ እናቴን ያለ አፍ ጻፍኳት።

ኅዳር 2

ምን ትል ነበር?

ለግጥም የሚሆን ነገር ተናግራ አታውቅም። ስለ መስኮት፣ ስለ ጨው፣ ስለ ወለል። ሥራ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ ድምጿ መጣ... ቁጣው፣ ከቁጣው ኋላ ያለችው ሳቋ። መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አለፍኩት። እንዳለችው ጻፍኩት፣ አንድ ቃል ሳላሳምር። ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ናፍቃኛለች፣ በቃ።

ኅዳር 5

የአባዬ ጥርስ ሲያጥበው ከእጁ አምልጦ ለሁለት ተሰበረ። «ተዪው፣ ከእንግዲህ ምን ሊሠራልኝ» አለ። ከማን ጋር ላወራበት ማለቱ ነው፣ ገብቶኛል። አልተውኩትም፣ ጎትቼ ወስጄ የአፉን ልክ ወሰድኩ። አባቴን እንዲህ ቀርቤ አይቼው አላውቅም። አፉን ሲከፍት ዓይኑን ይጨፍናል፣ እንደ ሕፃን።

ኅዳር 12

ነገ ሙከራው ነው። ጋዜጣዋን ላስነብበው ወይስ...? ቢቆጣስ? ጭራሽ ቢዘጋኝስ? ሆድ ይፍጀው ብሎ የተወውን ነገር እኔ ምን ቤት ነኝ? ደግሞ «እሷ አይደለችም» ካለኝ ሁለተኛ እርሳስ የማነሳ አይመስለኝም።

ኅዳር 13

መጣ። ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ሰሙን አፉ ውስጥ አስገባሁለት። የድንች ተባይዋ ጋዜጣ በአንድ እጄ፣ ግጥሙ በሌላው። ግጥሙን ሰጠሁት። ማን ጻፈው አላለም። መነጽሩን አድርጎ የመድኃኒት መመሪያ እንደሚያነብ ሰው ጀመረ።

«መስኮቱን ዝጋው፣ ብርድ ገባ።
ጨው አንሶታል? እጅ አለህ፣ ጨምርበት።
ስንቴ ልንገርህ፣ አሁን ነው የወለወልኩት፣
ጫማህን እዛው በሩ ጋ...»

ማንበቡን አቆመ።

ወረቀቱን አይደለም የሚያየው፣ ወለሉን ነው። የሥራ ቤታችን ወለል ሲሚንቶ ነው፣ ደረቅ፣ ጀሶ ያነጣው። እግሮቹን አየ። ከዛ ጎንበስ ብሎ የግራውን ክር ፈታ፣ ቀጥሎ የቀኙን። በካልሲው ሄዶ ጫማዎቹን በሩ አጠገብ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ተመልሶ ተቀመጠ።

«እሺ፣ አወለቅኩ» አለ። ለኔ አልነበረም።

ወረቀቱን አንስቶ ካቆመበት ቀጠለ። ጥርሱ ያፏጭ አያፏጭ ሳልሰማ ቀረሁ። ነገ እንደገና ሊሞክረው ተመልሶ ይመጣል።