የአባባ መብራት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለግዛቸው፤ የቆቃ ንፋስ እንዴት ይዞሃል? እኛ አዋሳዎች አንተን ከመናፈቅ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

አባባ ዛሬም አንተ ከምትሠራበት የመብራት ማመንጫ ሌላ ወሬ የላቸውም። ጎረቤት በመጣ ቁጥር፣ ግድቡ ሲሠራ ከጣሊያኖቹ ጋር ሲሚንቶ እንዴት እንዳቦኩ ያወራሉ፤ ውሃው በትልቁ ቧንቧ ወርዶ ተርባይኑን እንዴት እንደሚያሽከረክር በእጃቸው እያዞሩ ያስረዳሉ። ማታ አምፖሉን ሳበራ «ግዛቸው ላከልን» ብለው ይመርቁሃል።

መሠረተ ትምህርቱን ግን ተዉት። «ፊደሉን አሳንሳ መጻፍ ጀመረች» ብለው ከአስተማሪዋ ተጣሉ። አሞራ ገደል ዓሣ ልንገዛ ስንሄድም የምመርጠው እኔ ሆኛለሁ፤ እሳቸው ክንዴን ይዘው ዋጋ ይከራከራሉ።

ትናንት ራት ላይ፣ «መብራቱ ደከመ እኮ! የቆቃ ሐይቅ አረም የውሃውን መግቢያ ዘግቶት ይሆናል። ለልጄ ጻፊለትና ያስጠርገው» አሉኝ። እሺ አልኳቸው፤ ይኸው ጻፍኩልህ።

ይህን የምጽፍልህ ከዚያው አምፖል ሥር ተቀምጬ ነው፤ ብርሃኑ መርፌ ከመሬት ያስለቅማል።

ወንድሜ፣ ፈቃድ ከሰጡህ ፋሲካን አትጠብቅ። ቶሎ ና፤ አባባ መልክህን ይዩት።

እህትህ ከበቡሽ